እናቴ በሩን

ባለፈው ሳምንት ልጄ የስልኳን ቻርጀር መዳፌ ላይ አስቀምጣ «አባዬ፣ ግሏል፤ እየው እስቲ» አለችኝ። ከሞተ ሰው ጋር እንኳ ይቀልዳል እየተባልኩ የምታማ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ቀልድ አልመጣልኝም። ሙቀቱ ይዞኝ ድሮ ወደኖርኩባት ወገዳ ገባ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ወገዳ መብራት አልነበራትም። እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። በስማዳ ምድር የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ሌላ ጠጋኝ ስላልነበረ። መምህር አለልኝ የሚባል ጎረቤቴ ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ነበር። የዛሬውን እንዳይመስላችሁ፤ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ወፍራም ኪቦርድ ብቻ ነው። ኋላ አለልኝ ጉሮሮውን ታመመና ድምፁ ጠፋ። እጁም እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ አልይዝ አለው። በአንድ ጣት ቁልፍ መጫን ግን ይችላል። በዚያ ኮምፒውተር መናገር ጀመረ።

ችግሩ ኃይል የሚያቀብለው አዳፕተር ነበር። ጡብ የሚያህለው ጥቁር ሳጥን ንፋስ መውጫ ከተማ ጄኔሬተር ላይ ተሰክቶ፣ ኃይሉ እንደ ስማዳ ፍየል ሲዘል ጊዜ ተቃጥሏል። ምትኩን እኔ ሠራሁለት። ቴሌቪዥኑንም የሚያሠራ የጭነት መኪና ባትሪ፣ ኃይሉን የምትቀንስ ጥፍር የምታህል ዕቃ፣ እሷም እንዳትነድ ከድስት ክዳን የቆረጥኩት አልሙኒየም። አልሙኒየሙ ከመጋሉ የተነሣ የመንደሩ ቆሎ ሁሉ በእሱ ይቆላ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። እሺ፣ ትንሽ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ የእኛን ፊደል አያውቅም። አለልኝ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ይጽፋል፣ እናቱ እማማ የሻረግ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነብላቸዋለሁ። «ውሃ»፣ «ትራሴን ከፍ»፣ አንዳንዴም እኔኑ «ይርጋ ዛሬም ዋሸ» ይላል። የተጻፈው ግን የትም አይቀመጥም፤ ኃይል ከተቋረጠ ሁሉም ይጠፋል። ሁለት ባትሪ ነበረን፤ አንዱ ሲሠራ ሌላውን ወፍጮ ቤት ወስጄ አስሞላለሁ።

ነሐሴ ላይ ነው። የተሞላውን ባትሪ በበቅሎ ጭኜ ስመለስ በረዶ ይወርድ ነበር። ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ቤቱ በለቅሶ ተሞልቷል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ መስመር ቀርቷል፤ ከጎኑ ቀጣዩን ፊደል የምትጠብቅ ትንሽ አራት ማዕዘን ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ምን ይላል?» አሉኝ እማማ የሻረግ።

«‹እናቴ በሩን› ይላል።»

«በሩን ምን?»

«እዚያ ላይ ነው የቆመው እማማ።»

ብልጭ የምትለዋን አፍጥጠው አዩ። «ይኸው ይተነፍስ የለ! ሊጨርሰው ነው። እንዳታጠፋብኝ!»

አላጠፋሁም። ባትሪ በደከመ ቁጥር የተሞላውን ከደከመው ጎን አያይዤ፣ ሁለቱ አብረው ሲሸከሙ የደከመውን እነቅላለሁ። እጄ ቢስት የሰውየው የመጨረሻ ቃል ጠፋ ማለት ነው፤ በነሐሴ ብርድ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ቀብሩ አለፈ፣ ሣልስቱም ወጣ፤ ያቺ ነገር ብልጭ ትላለች። ለቀስተኛው ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ መቀመጥ ፈራ። እማማ የሻረግ እህል አልቀምስ አሉ፤ ፊታቸው ከስሎ፣ ዓይናቸው ከዚያች ብልጭታ አይነቀልም። ሁለተኛ ቀብር ልናይ ነው ብዬ ሰጋሁ።

የነፍስ አባታቸው መጡ። «የሻረግ፣ ልጁን አላሳርፍ አልሽው እኮ።»

«ቃሉን ይጨርስ አባቴ። ሳይጨርስ የት ይሄዳል ብለው ነው?»

«የሙት ቃል የሚጨርሰው ቋሚ ነው፣ ልጄ።»

እማማ የሻረግ ዓይናቸውን ከብልጭታዋ ነቀሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይርጋ፣ መቼም አንተ መልስ አታጣም። ምን ሊለኝ ነበር?»

«ዝጊው ይሆናል፤ ክፈቺውም ይሆናል፤ እኔ ምኑን አውቄ።»

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና በሩን በሰፊው ከፈቱት። ጉምና የእርጥብ ገብስ ሽታ ገባ። «በል ሂድ፣ አንጀቴ» አሉ ወደ ውጭ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ «አሁን ንቀለው» አሉኝ።

ነቀልኩት። መስታወቱ መሐል አንዲት ነጭ ነጥብ ትንሽ ቆይታ ጠፋች። የዚያን ዕለት ሁለት ድንች በአዋዜ በሉ።

የደነገጥኩት ኋላ ሳስበው ነው። ያን ሲጽፍ በሩ ዝግ ከነበረ፣ ክፈቺው ማለቱ ነው። ክፍት ከነበረ ደግሞ ዝጊው፤ በረዶው እየገባ፣ እየበረደው። አጠገቡ የነበሩት እማማ የሻረግ ብቻ ናቸው፤ በሩ እንዴት እንደነበር አይተዋልና እኔን ሲጠይቁኝ መልሱን ያውቁት ነበር። ለዓመታት በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ልጠይቃቸው አስብና አንድ ቀልድ ወርውሬ አልፋለሁ። እሳቸውም ይስቁልኛል። አሁን እሳቸውም የሉም።

ሰው ቀልደኛ ይለኛል። ቤቴ ውስጥ ሰው ሲታመም ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው በሩን ነው፤ ክፍት ይሁን ዝግ።