ቀድሜ የደረስሁበት ቀን

የእትዬ ሥርጉት አጥር ሲጀምር ከሳይክሌ እወርዳለሁ፤ ሲያልቅ መልሼ እወጣለሁ። መካከሉ መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ነው፤ ሳይክሉን እየገፋሁ በእግሬ አልፈዋለሁ። ያየኝ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። «የከተማ ልጅ ሆኖ ሰው ማክበር ያውቃል» ይላሉ። የተማሪ ወላጆች ስብሰባ ላይ እንኳን አንድ አባት ተነስተው ይህንኑ ሲናገሩ ተጨበጨበልኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። እውነቱን ግን ከእትዬ ሥርጉትና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ጭብጨባውም ስላቃጠለኝ ዛሬ ልናገረው ነው።

ናሁሰናይ እባላለሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ገበዝ ማርያም በሚወጣው የጠጠር መንገድ ላይ፣ አጋም ውኃ በምትባል ቀበሌ የሒሳብ መምህር ነኝ። የዛሬ ሁለት ክረምት ጎርፍ ድልድዩን ስለወሰደው መኪና ወደዚያ አይሻገርም። ሰዉ ሲያማርር እኔ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለ ማርሽ ሳይክል አለኝ፤ ተሸክሜው ወንዙን እሻገርና ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእኔ ነው። አቧራ የለ፣ ጥሩምባ የለ። ግራና ቀኙ በቅንጭብና በአጋም የታጠረ ማሳ ነው፤ ዳገት፣ ከዳገቱ ወዲያ ቁልቁለት፣ ደግሞ ዳገት። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ስወርድ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ አጥሩን ይመታዋል። ያን ጊዜ የሚሰማኝን ደስታ ለሰው ብናገር አፍራለሁ፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ እኮ።

እትዬ ሥርጉት ከረጅሙ ቁልቁለት ግርጌ ነው የሚኖሩት። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞቱባቸው፤ ልጅ አልወለዱም። እናታቸው ሲሞቱ ጡት ያልጣለውን ወንድማቸውን፣ ስመኘውን፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሱን አዝለው አርመዋል፣ እሱን አዝለው ገበያ ወጥተዋል። አድጎ ቡሬ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ ያም ሆኖ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ መጥቶ አጥሩን አብሯቸው ይከረክማል። እሳቸው ከደጃፉ ወዲህ፣ እሱ ከደጃፉ ወዲያ። በዚያ አገር እንደዚያ አጥር ቀጥ ያለ አጥር አላየሁም። ቅርንጫፍ የቀነጠሰ መንገደኛ ካገኙ ለቄሱም አይመለሱም፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ወንዙ ድረስ ይሰማል።

እኔን ግን ይቀልዱብኛል። የራስ መከላከያዬን አይተው «ዛሬም ቅልህን ደፍተህ መጣህ?» ይሉኛል። «ያቺ ፍየልህ ሣር አትበላ፣ ውኃ አትጠጣ፣ ምኗ ነው እንዲህ የሚያስሮጣት?» እኔም «እንዴት አደሩ እትዬ ሥርጉት!» ብዬ፣ ሳልቆም፣ ድምፄን ብቻ ጥዬላቸው አልፋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ወርጄ መልሳቸውን ሰምቼ አላውቅም።

በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዳገቱ ላይ አራት ሰዎች በእግር ሲወጡ ደረስሁባቸው። ከፊት ቄስ ገብረሰንበት ናቸው፣ የእትዬ ሥርጉት የነፍስ አባት። ሦስት ሽማግሎች ተከትለዋቸዋል። ወርጄ መስቀል ተሳለምሁ።

«እግዜር ነው ያመጣህ፣ መምህር» አሉኝ ቄሱ ላባቸውን እየጠረጉ። «ስመኘው ትናንት ቡሬ ላይ ዐረፈ። ሥርጉትን ልናረዳት ነው። በዚህ እግራችን የምንደርስ ረፍዶ ነው። አንተ ቀድመህ ጎረቤቷን ሰርካለምን አግኛት። ሴቶቹን ሰብስባ እሷ ዘንድ ትቀመጥ፤ እህልም ታቅምሳት። ለምን እንደሆነ ለሰርካለም ብቻ ንገራት።»

መርዶ በእኛ አገር በባዶ ቤትና በባዶ ሆድ አይነገርም። አስቀድሞ ሰው ከቦ ይቀመጣል፤ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይናገራል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ። «እሺ አባቴ» ብዬ ሳይክሌ ላይ ወጣሁ። ሰው ሞቷል ተብዬ ማዘን ሲገባኝ፣ ፍጥነቴ ለቁም ነገር ተፈለገ ብዬ ኮራሁ። ቁልቁለቱን ያን ቀን የወረድሁትን ያህል ፈጥኜ ወርጄው አላውቅም።

የሰርካለም ቤት ከእትዬ ሥርጉት አጥር ወዲያ ነው። ደጃፋቸው ጋ ስደርስ እትዬ ሥርጉት ገጀራ ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ትከሻ አድርገው፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ ለብሰዋል። ዓይናቸው ደም መስሏል፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ሰምተዋል አልሁ በልቤ፤ አንዱ ከቡሬ በሌላ መንገድ ቀድሞ ነግሯቸዋል። ቅንጭብ ሲከረክሙ ወተቱ ዓይን እንደሚያቃጥልና ነጠላውንም ያዘቀዘቁት ወተቱ ጥለቱን እንዳይነካው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ፍሬን ያዝሁ። ወርጄ ራሴን ዝቅ አድርጌ «እግዜር ያጥናዎት እትዬ ሥርጉት። የስመኘውን ነፍስ ይማር» አልሁ።

«የማንን?» አሉ።

መልሱን ከፊቴ አነበቡት። ገጀራው ከእጃቸው ወደቀ። አልጮኹም። ወደ ኋላ ሲሉ አጋሙ ላይ ወደቁና እሾሁ ጉንጫቸውን ከጆሯቸው እስከ አገጫቸው ጫረው፤ እሳቸው የተሰማቸውም አይመስሉ።

«ማን ነው የነገረህ?»

«ቄስ ገብረሰንበት... ከሽማግሎች ጋር እየመጡ ነው። ዳገቱ ላይ ናቸው።»

ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ሊይዙኝ ይሁን ሊያባርሩኝ አልጠየቅሁም። ሳይክሌ ላይ ወጣሁ።

ሸሸሁ፤ ሌላ ስም የለውም። በሰርካለም ደጅ ሳልቆም አለፍሁ። ሰርካለም ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ ብዬ ፈራሁ እንጂ እኒያ ሴትዮ ብቻቸውን መሆናቸው ትዝ አላለኝም። ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ አስተማርሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ በላይኛው መንገድ መሄድ ጀመርሁ። አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ ድንጋይ ስለሆነ ግማሹን ተሸክሜ ነው የማልፈው። ለጠየቀኝ ሁሉ «ለጡንቻ ጥሩ ነው» እላለሁ። መምህራኑ ተሰብስበው ለቅሶ ሲደርሱ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ለቅሶ መቅረት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም። ቄሱና ሽማግሎቹ «ምን አድርገህ ነው?» ብለው እስኪጠሩኝ በየቀኑ እጠብቅ ነበር። የጠራኝ የለም።

አርባው ሲቃረብ ቄስ ገብረሰንበት ራሳቸው ትምህርት ቤት መጡ።

«ልመርቅህ ነው የመጣሁ» አሉኝ። «ያን ቀን አደራህን ተወጥተሃል። ስንደርስ ሴቶቹ ከበዋት፣ ፊቷን ታጥባ፣ እህል ቀምሳ ተቀምጣለች። እንደ ወጉ አረዳናት። እንዳንተ ያለውን ያብዛልን።»

መረቁኝ፤ እኔም «አሜን» አልሁ። «አሜን» ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያው ቀን ሰርካለም ዘንድ ሄጄ፣ እንደ ዋዛ አስመስዬ፣ ያን ቀን ማን እንደጠራት ጠየቅኋት።

«ራሳቸው ናቸው እንጂ!» አለችኝ። «'እንግዳ ሊመጣብኝ ነውና ሴቶቹን ይዘሽልኝ ነይ' ብለው ደጄ ድረስ መጡ። ፊታቸው ተጭሯል፤ ምነው ብላቸው አጥር ስከረክም ነው አሉ። ቆሎ አቀረቡልን፣ እሳቸውም ቆረጠሙ። ሽማግሎቹ ሲነግሯቸው ያኔ ወደቁ። ይዘናቸው ነው እንጂ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ልባቸው ነግሯቸው ነበር መሰለኝ።»

የእኔን መልእክት ያደረሱት እሳቸው ነበሩ። ለራሳቸው መርዶ ራሳቸው ሰው ጠሩ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሐዘኑን ደብቀው ቆሎ ቆረጠሙ። ከሰርካለም ደጅ እስከ እሳቸው ደጅ ሳይክሌን እየገፋሁ፣ እንባዬን ሳልጠርግ ሄድሁ።

እትዬ ሥርጉት ጥቁር ለብሰው ከደጃፉ ወዲያ ያለውን፣ ስመኘው ይከረክመው የነበረውን አጥር ይከረክማሉ። የጉንጫቸው ጠባሳ ከሩቅ ይታያል። እንደ ድሮው ስለ ቅሌ አልቀለዱም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«ለምን ዝም አሉ?» አልኋቸው። «ለምን አልተናገሩብኝም?»

«እነዚያ ሽማግሎች በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ሲመጡ፣ 'ሰምቻለሁ' ብዬ ላሳፍራቸው ኖሯል? አንተንስ ስምህን ላጥፋው? ልጆች ታስተምር የለም ወይ?»

«እኔ እኮ እትዬ፣ ነጠላዎን አይቼ...»

«ገብቶኛል። እሱ ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። እኔም ብሆን እንደዚያ ያለ ሰው ሳይ ሰምቷል እል ነበር።» ገጀራውን አጥሩ ላይ ሰክተው መንገዱን፣ እኔ በየቀኑ የምታጠፍበትን፣ አሻግረው አዩ። «እጄን የዘረጋሁት እንድትይዘኝ ነበር፣ ልጄ። ከዚያም እስከ መታጠፊያው ድረስ አየሁህ። እንደው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቢያየኝ ብዬ።»

አልዞርሁም ነበር።