የተቀባዩ ማይክ

የድምፅ መቅጃው ፕሮግራም እንደተከፈተ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ድምፁ በየት ይግባ፣ በየት ይውጣ? ይህን ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ። ብጮህ፣ ባፏጭ፣ ብሳደብ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ንቅንቅ አይልም። ለካ ፕሮግራሙ አዲሱን ካርድ ትቶ የኮምፒውተሩን የራሱን መግቢያ ነው የሚያዳምጠው። ካርዱን ከዝርዝሩ ስመርጥለት ጆሮው ተከፈተ። መውጫውን ማስተካከል ደግሞ ረስቼ ሌላ ግማሽ ቀን ምንም የማይሰማ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ተቀመጥኩ። ማሽኑ የመረጡለትን ብቻ እንደሚሰማ የገባኝ ያን ሰሞን ነው፤ ሲገባኝ ግን ኩራት እንጂ ማስተዋል አልጨመረልኝም።

ክፍሌ ባሌ ሮቤ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ነበረች። ካሴት ቦታውን ለሲዲ እየለቀቀ በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከገበያና ከትምህርት ቤት ግቢ የተለቀመ ነው። ያም ሆኖ የገሰራን የውቂያ ዘፈን ቀድቼ ስሜን ላስጠራ ቆርጬ ተነሳሁ። ኮምባይነሩ በየማሳው እየገባ አውድማውን እያስረሳው ስለነበር፣ የሚቀድመኝ እንዳይኖር እቸኩል ነበር።

በዘፈኑ የታወቁ አንድ አዛውንት አውራጅ አገኘሁና አንድ ጠዋት ከገሰራ በሚኒባስ መጡልኝ። ብቻቸውን ግን አልመጡም። እሳቸው ግጥሙን ሲያወርዱ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የሚቀበሏቸው ጓደኛቸውም አብረው ነበሩ። እኒህ ተቀባይ ከሲታ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። «አከም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ» ብለው እንደ ልጃቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰላም አሉኝ።

ለሙከራ ሲዘፍኑ ስሰማ ፊቴ ጨለመ። የአውራጁ ድምፅ ወፍራምና የሚሞላ ነው፤ የተቀባዩ ቀጭንና የተሰነጠቀ። እኔ ደግሞ ለመቀበሉ አራት የሮቤ ወጣቶች በልቤ አዘጋጅቻለሁ። «እርስዎ ይቅሩ» ብል አውራጁ ተቀይመው ይነሳሉ። ስለዚህ ያኔ ብልጠት ነው ያልኩትን ነገር አደረግሁ። በተቀባዩ ፊት ማይክ አቆምኩ፤ ገመዱንም ካርዱ ላይ ሰካሁት። ከዚያ ፕሮግራሙ ላይ ለእሳቸው ድምፅ በከፈትኩት ትራክ መግቢያ «ምንም» የሚለውን መረጥኩ። ድምፃቸው ወደ አውራጁ ማይክ እንዳያልፍም በመካከላቸው ብርድ ልብስ ሰቀልኩ።

ቀኑን ሙሉ ዘፈኑ። ተቀባዩ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ላባቸው እስኪንጠባጠብ ለሞተ ማይክ ተቀበሉ። ብርድ ልብሱን አልፎ የገባውንም በኋላ እየቆረጥኩ አወጣሁት። ወጣቶቹን በቦታው አስገብቼ ሳዳምጠው፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ከወር በኋላ ለገበያ የመጡት ተቀባይ ብቻቸውን በራፌ ላይ ቆሙ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ «የኔን ለብቻው አሰማኝ» አሉ። «በዕድሜዬ ሙሉ ድምፄን ሰምቼው አላውቅም።»

ሥራውን ስከፍተው በእሳቸው ትራክ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ተዘርግቷል። መስመሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ዐይኔን በጨው አጥቤ «ማሽኑ አጥፍቶታል» አልኳቸው።

«ሀዬ፣ ይሁን» ብለው ወጡ። መንገድ የሚጀምር ሰው እንደሚያደርገው ነጠላቸውን አጥብቀው እስኪታጠቁ በመስኮቱ አየኋቸው።

ያን ሳምንት ሥራ አልያዝልህ አለኝ። ዘፈኑን በከፈትኩ ቁጥር አፈርኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገሰራ ሄድኩ፤ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መቀመጥ ፈርቼ፣ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማይኩ እንደማይሰማ፣ እያወቅሁ እንዳደረግሁት፣ ማሽኑ ምንም እንዳላጠፋ።

«ተቀመጥ» አሉኝና ለእኔም ሻይ አዘዙ። «አውቄዋለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ጓደኛዬ ሲያስል ማሽኑን አቁመህ እንደገና አስጀመርከው። እኔ ሁለቴ አሳልኩ፤ ቀና ብለህም አላየኸኝ።»

ፊቴን የት ላድርገው? «ታዲያ ማስቆም አልነበረብዎትም? እስከ ማታ ለምን ለፉ?»

«እሱ የሚቀበለው ካጣ ሁለት ስንኝ አይዘልቅም። እኔ ለማሽንህ መች ተቀበልኩ?» ሻያቸውን አማስለው ቀጠሉ። «ኋላ ብቻዬን ሮቤ የመጣሁትም ድምፄን ፈልጌ አይደለም፤ ዱጋውን፣ እውነቱን ትነግረኝ እንደሆነ ለማየት ነው። ዘገየህ እንጂ፣ ወላሂ፣ መጣህ።»

እንደገና ልቅዳዎት ብዬ ለመንኳቸው። አጨዳ ደርሷል አሉኝ። አጨዳው አለፈ፤ ሌላም አለፈ፤ አልመጡም፣ እኔም ደግሜ የመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።

ሲዲው ተባዝቶ በባሌ ተሰማ። ሰርግ ቤት ውስጥ ሲከፈት ሰዎች ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ተቀባዮቹን ከየት አገኘሃቸው? እንዴት ጥሩ ናቸው!» ይሉኛል። ወጣቶቹ በእውነት ጥሩ ናቸው። አውራጁ ያን ቀን ሲዘፍኑ ግን ከእነሱ አንዱም በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አውራጁን ያዘፈኗቸው ሰው ድምፅ በሲዲው ላይ የለም፤ እንዳይኖር የመረጥኩት እኔ ነኝ።