የጋሼ ተፈራ የቺካጎ ሳንቲሞች

ቅዳሜ ጠዋት ኢንግልዉድ ካለው ቤቴ የተነሣሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሟቹ ጋሼ ተፈራ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸውን የብር ሳንቲሞች ከባለቤታቸው ተቀብዬ ሎንግ ቢች ወዳለው የሰብሳቢዎች ትርኢት ለማድረስ። እዚያ በስማቸው አንድ የማሳያ መስታወት ሳጥን እንዲሰጣቸው ዓመታት ሲለምኑ ኖረው፣ ፈቃዱ የመጣው ካረፉ በኋላ ነው። የኛ ነገር መቼም ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ፌርፋክስ ላይ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ባዶ እጄን አልገባም ብዬ ከግሮሰሪው አንድ ጥቅል እንጀራ ያዝኩ፤ አሥራ ሁለት ዶላር ገብቷል። “ጤፉ ተወዶ ነው” አለኝ ሻጩ። ቱሪስቶቹ ከምግብ ቤቶቹ ደጅ ፎቶ ይነሣሉ።

የጋሼ ተፈራ ባለቤት እትዬ አስካለ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው አፓርታማቸው፣ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ተቀበሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ለ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን መታሰቢያ የተሠሩት፣ መርከብ የተቀረጸባቸው ግማሽ ዶላሮች ተደርድረዋል። ሁሉም እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫሉ። ክው አልኩ።

“በሎሚና በጨው ክሊን አደረግኳቸው” አሉኝ። “ሰው ፊት እንዲያ ጠቁረው ይቅረቡ? ተፈራን ያሰድበዋል’ኮ። ሶ፣ እንዴት ናቸው?”

ለማያውቅ ልንገር፤ የድሮ ብር ከዕድሜ ብዛት የሚያወጣው ሰማያዊ ጥቁረት ለሰብሳቢ ጌጡ ነው፣ አንዴ ከተፈተገ አይመለስም። ጋሼ ተፈራ ሳንቲሙን በጠርዙ ያልያዘ ሰው ላይ፣ እኔም ላይ ሳይቀር፣ ይጮኹ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ ያን በሐዘን የደከመ ፊት አይቼ፣ “እጅዎ ይባረክ፣ አምረዋል!” አልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ምናልባት የትርኢቱ ሰዎች አያስተውሉትም ብዬም ራሴን አታለልኩ።

ሎንግ ቢች

ፎር ኦ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ በመኪና ተዘጋግቷል። ካርሰን ላይ የነዳጅ ማጣሪያው ሽታ መኪናውን ሞላው። ትርኢቱ የሚታየው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው፤ መግቢያው ነጻ፣ ፓርኪንጉ ግን ሃያ ዶላር። ጋሼ ተፈራን የሚያውቋቸው የትርኢቱ አዘጋጅ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ የመስታወቱን ሳጥን ወልውለው፣ የጋሼን ስም በትልቁ ለጥፈው ይጠብቁኝ ነበር። አንዱን ሳንቲም አንሥተው ወደ መብራቱ አዘነበሉት። ሌላውንም አነሡ።

“ማን አጠባቸው?” አሉ በእንግሊዝኛ።

“ሚስታቸው።”

“አዝናለሁ። የታጠበ አናሳይም። ተፈራ ራሱም አይፈቅድም ነበር።”

እውነታቸውን ነው። ሳንቲሞቹን መልሼ ሰበሰብኳቸው። ሳጥኑ ስማቸው እንደተለጠፈበት ባዶውን ቀረ። አላፊ አግዳሚው ጎንበስ እያለ ስማቸውን ያነባል፣ ውስጡን ያያል፣ ያልፋል። ከሁሉም የጎዳኝ ይሄ ነው። የገዛሁትን ሳንድዊች ሳልቀምስ ጣልኩት።

ወደ ፌርፋክስ

መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ መጣሁ። እትዬ አስካለ በሩን ሲከፍቱ እጃቸው ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

“ጠዋት ደስ ስላለህ የሳን ፍራንሲስኮዎቹንም ጨረስኳቸው” አሉኝ።

የ1915ቱ ኤግዚቢሽን ሳንቲሞች፣ ጋሼ ተፈራ ከሁሉ አብልጠው የሚወዷቸው፣ ወንፊት ላይ ተሰጥተው ውሃቸው ይንጠባጠባል።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የኔ አፍ የተፈታው ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ እነዚህ ይተርፉ አልነበር?”

“ይተርፉ ነበር።”

“ታዲያ ምነው?”

“እንዳላስከፋዎት ብዬ ነው፣ እትዬ።”

ወንፊቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። “ተፈራ ቢሆን ይጮህብኝ ነበር” አሉ በመጨረሻ።

ኢንግልዉድ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ መኪናው ውስጥ ቆየሁ። የጋሼ ተፈራ ጩኸት ክፋት ይመስለኝ ነበር፣ ከኋላቸውም አምቻቸዋለሁ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ተቆጥተው ያቆዩትን፣ እኔ በአንድ ምርቃት አስፈጀሁት።