በኮከቡ ጫፎች ላይ የተጻፉ ስሞች

ዳባ በሳንጃው ጫፍ ከሰሌዳው ኮከብ ላይ ቀዩን ቀለም ፋቀ። ጳጉሜን 1969 ነው፤ በዝናቡ ምክንያት ቀለሙ አልደረቀም። ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ ፊደል ወጣ።

«ሳ… ዶር» አለ አብዮት ጠባቂው ዳባ፤ ሌሎቹንም ጫፎች ፋቀ። «ጓድ መኩሪያ! አምስቱም ጫፍ ላይ ስም አለ።»

ገብረ መድኅን ከመሰላሉ ወረደ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መካኒሳ ውስጥ የሱቅ ታፔላ ይጽፋል። በወጣትነቱ ጎጃም ክታብ መጻፍ ተምሯል። ባለአምስት ጫፉን ኮከብ መምህሩ የሰሎሞን ማኅተም ይሉት ነበር፤ ጋኔን የሚታሰርበት። የሚሣለው እጅ ሳይነሣ ነው። በየጫፉም ጌታ ከተቸነከረባቸው ከአምስቱ ችንካሮች የአንዱ ስም ይጻፋል። ለአብዮት በዓል የቀበሌው በር ላይ ቀይ ኮከብ ሣል ሲባል ሌላ አሣሣል አያውቅም ነበር። ሰሌዳውን የሠራው ጴንጤው አናጢ ሙሴ፣ «ጋሽ ገብሬ፣ ብቻ እንዳትዘቀዝቀው፤ ከተዘቀዘቀ የሰይጣን ቀንድ ነው» ብሎት ስለነበር የተጠነቀቀው ለዚያ ብቻ ነው። ስሞቹን ቀለሙ ይሸፍናቸዋል ብሎ ተዋቸው።

የአብዮት ጥበቃ ኃላፊው መኩሪያ ስሞቹን ወረቀት ላይ ገለበጠ።

«እናንተ አናርኪስቶች አምስት አምስት ሆናችሁ በሕዋስ እንደምትደራጁ መቼ ጠፋን? እነዚህ አምስቱ የት ነው የሚኖሩት?»

«ጓድ፣ ሰዎች አይደሉም። የክርስቶስ ችንካሮች ናቸው።»

«ችንካር ስም አለው?»

«አለው።»

ዳባ ሳቀ። «መዶሻውስ ማን ይባላል?»

መኩሪያ አልሳቀም። «ይህ ኮከብ የአምስቱ አህጉር ላብ አደር ምልክት ነው። አንተ የሕዋስህን አባላት ጻፍክበት።»

«ጸሎት ነው፣ በልጆቼ! ባለቤቴም ትደግመዋለች። ቄስም ጠይቁ።»

«ቄስማ ለአንተ ያደላል። ሚስትህ ግን እዚህ ምን እንዳልክ አልሰማችም።» ወረቀቱን ለዳባ ሰጠው። «ስሞቹን ብቻ ጠይቃት። ጸሎት ከሆነ ጸሎት ነው ትላለች።»

ገብረ መድኅን ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ሱሪው ረጠበ። በዝናቡ አልነበረም።

ቤቱ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች ነው። ተናኘ ምስር እየለቀመች ነበር። ዳባ ጠመንጃውን ሳያወርድ በሩ ላይ ቆመ።

«ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ታውቂያቸዋለሽ?»

ተናኘ በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞራ የምትጠራቸው ስሞች ናቸው። ነገር ግን ከሦስት ቀን በፊት ጎረቤቷን ጸሐይወርቅን አብዮት ጠባቂዎች እንዲሁ በር ላይ ቆመው ስለ አንድ ስም ጠይቀዋት ነበር። ጸሐይወርቅ፣ «አዎ፣ የልጄ ጓደኛ ነው» አለች። ልጇ እስካሁን አልተመለሰም።

«አላውቃቸውም» አለች ተናኘ። «እዚህ ቤት ዝር ብለው አያውቁም። አቦ ይፍረዱብኝ!»

ዳባ በሃያ ደቂቃ ተመለሰ።

«አላውቃቸውም አለች። ምላ።»

መኩሪያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ምን ብለህ ጠየቅኻት?» አለ ገብረ መድኅን። «ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የጠየቅኻት?»

ዳባ ሳንጃውን በሰሌዳው ጠርዝ ጠረገ።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ወሰዱት። ተናኘ ምሳ ስታመላልስ ቆየች። ጥር 17 ቀን 1970 «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው ምግቡን መለሱላት።