የአክስቴ አውራ ጣት

አክስቴ አጠገብ ሹራብ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ሰላም አያገኝም። እያወራችው ትከሻውን ትዳብሳለች፣ ወጣ ያለች ክር ካገኘች ትመዛለች፣ ክሯ እምቢ ካለች ከኪሷ መቀስ ታወጣለች። አንድ ጊዜ ሐኪም የልብ ምቷን እያዳመጠላት ሳለ ከጋዋኑ ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለ ክር ቆርጣለት መጥታለች። ስቆጣት "ፊቴ ላይ ሲወዛወዝ እያየሁ ዝም ልበል?" አለችኝ። በምንሠራበት የክር ፋብሪካ "እትዬ መቀስ" የሚሏት ለዚህ ነው።

እናቴ ስትሞት ገና አምስት ዓመቴ ስለነበር ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሥራም ያስገባችኝ እሷው ናት። እኔ ሽመና ክፍል ነኝ፣ እሷ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ነበረች።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነበር። ክሩ ከትንሹ እንዝርት ከቦቢን ወደ ትልቁ ጥቅል ወደ ኮን ሲጠነጠን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ያልፋል። ወፍራም ቦታ ሲደርስ ጣቷ ያውቃል። ትቆርጠዋለች፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ፈታ ታደርግና አንዱን በሌላው ላይ አስተኝታ፣ በምራቅ ረጠብ አድርጋ ታሸዋለች። ሌሎቹ ሴቶች ይቋጥራሉ፣ እሷ አትቋጥርም። የቀጠለችበትን ቦታ በዓይንም በእጅም ፈልጎ ያገኘ ሰው እስካሁን አላየሁም። ቁራጩን ደግሞ መሬት አትጥልም፤ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች። ያቺን ወፍራም ቦታ ሴቶቹ "እባጭ" ይሏታል። አክስቴ ስለ እባጭ ስታወራ የሰማ ሰው ስለ ደመኛዋ የምታወራ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ጉድ ፈላ። ልሙጥ ክር የሚገዛን ጠፋ። ገዢው ሁሉ ለመጋረጃ፣ ለሶፋ ልብስ፣ ለአንገት ልብስ የሚሆን፣ ሲዳስሱት እጅ ላይ የሚታወቅ ክር ፈለገ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ማሽን አስመጡና ከመጋዘኑ ጎን አንድ ክፍል አስከፈቱ። እዚያ የሚሠራውን መጀመሪያ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንዱ ክር ቀለበታም ነው፤ መሃል ላይ አንድ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከሱ ፈጥኖ ስለሚለቀቅ ትርፉ እየተጠማዘዘ ቀለበት ይሠራል፣ ሦስተኛው ቀጭን ክር ደግሞ ቀለበቱ እንዳይፈታ ያስረዋል። አባጨጓሬ የምንለው ዙሪያውን ጸጉር ያወጣ ነው፣ ሲነኩት ይለሰልሳል። ሌላው እዚህም እዚያም ባለቀለም ክር ተጠምጥሞበት ጉብ ጉብ ያለ ነው። የመጨረሻው ግን በየሦስት አራት እርምጃው ሆን ተብሎ እንዲወፍር የሚደረግ ክር ነበር። እባጭ ማለት ነው፣ ያውም በማሽን የሚፈለፈል እባጭ።

"ሃያ ስድስት ዓመት ስገድለው የኖርኩትን ሊያራቡት?" አለች አክስቴ። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

ወዲያው የማጠንጠኛው ክፍል ተዘጋ። እዚያ ከሚሠሩት አርባ ሴቶች አንድ ወር ተፈትነው ወደ አዲሱ ክፍል የሚዛወሩት አሥር ብቻ እንደሆኑ ተነገረ፤ የቀሩት ወደ ቤታቸው። አክስቴ ለፈተናው ከሁሉም ቀድማ ተመዘገበች። "ቤት ከዋልኩ ግድግዳውን ነው የምልጠው" አለችኝ። እውነቷን ነው። እሁድ አንድ ቀን ስታርፍ እንኳ ቁም ሣጥኑን ከዚህ ወደዚያ ትገፋለች፣ ንጹሑን አንሶላ ደግማ ታጥባለች፣ እኔን ቁጭ ብዬ ካየችኝ "አመመሽ እንዴ?" ትለኛለች። ሳምንቱን ሙሉ እሁድ ከሆነባት ምን እንደምትሆን አስቤ ፈራሁላት።

ሦስቱ ሳምንት በጥሩ አለፈ። የቀለበቱን ክር ከማሽኑ ድምፅ ብቻ መለየት ጀመረች፤ ሊላላ ሲል ቀድማ ትደርስበታለች። ያስተማራት "ሙሽራው" የምንለው ቴክኒሻን ነበር፤ በሠርጉ ማግስት ቱታውን ለብሶ ሥራ የገባ ልጅ ነው። "እትዬ፣ እርስዎ እኮ እኔን ያስተምራሉ" ይላታል፣ እሷም ደስ ሲላት ከኮሌታው ላይ ክር ትለቅምለታለች።

በአራተኛው ሳምንት የእባጩን ክር በፔዳል በሚዞር ማጠንጠኛ ወደ ትናንሽ ኮኖች እንድትጠቀልል ተመደበች። እባጭ ሳትቆርጥ ማሳለፍ እንደማትችል ታውቃለች፤ ስለዚህ አውራ ጣቷን በፕላስተር ጠቅልላ ገባች፣ እንዳይሰማት። ሁለት ቀን እንዲህ ሠራች። ማታ ማታ መንጋጋዋን ይዛ ትመጣለች። "እባጩ ባለፈ ቁጥር ጥርሴን ነው የሚያመኝ" ትለኛለች።

ሦስተኛው ቀን ወደ አዲሱ ክፍል የሚዛወሩት ሰዎች ዝርዝር ሊለጠፍ አንድ ቀን የቀረው ዕለት ነበር። አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስትል ዋለች። ምሳ ሰዓት እጇን ስትታጠብ ፕላስተሩ ተላቀቀ፤ ሌላ አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ ፔዳሉን እየረገጠች ያሰበችው ስለ ዝርዝሩ ብቻ ነው። አለሁበት? የለሁበትም?

ከሥራ ወጥተን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ሽርጧን ፈታ ልትሰቅል ስትል ቆም አለች። ኪሱ ተወጥሯል። እጇን ከታ አንድ ጭብጥ ወፍራም የክር ቁራጭ አወጣች፤ ሌላም ጭብጥ አለ።

"እኔ ነኝ?" አለችኝ።

"ታዲያ ኪሱ የኔ ነው? ስንት ኮን ነው ያበላሸሽው?"

"አሥራ አንድ። ወደ ሽመና ክፍል ወስደውታል።"

እኔ መቼም ስደነግጥ እጄ ይቀድመኛል። ቁራጩን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁና መንገድ ላይ ያገኘሁት የቆሻሻ መኪና ላይ ወረወርኩት። "ዝም ትያለሽ" አልኳት። "ነገ ዝርዝሩ ይለጠፋል፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

በማግስቱ የሠራተኛ ቁጥሯ ዝርዝሩ ላይ ተለጥፎ አገኘነው፤ ከላይ ሰባተኛ። ጣቷን እየጎተተች ሦስት ጊዜ አነበበችው። በዚያው ጠዋት ሽመና ክፍል ውስጥ ሞገድ ሞገድ ሊል የሚገባው የመጋረጃ ጨርቅ እንደ አንሶላ ልሙጥ ሆኖ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያ ሊነኩ ደረሱ። ሙሽራው ማሽኑን ፈታው፣ ገጠመው፣ ሞከረው፤ እባጩ በየቦታው ይወጣል። "ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለ። "ታዲያ ክሩን ሰይጣን ነው የላጨው?" አሉት ሥራ አስኪያጁ። "አበላሽተህ ስታበቃ ሰው ሳያይህ አስተካክለኸዋል። እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት እውነቱን ካልነገርከኝ የማሽኑን ቁልፍ አስረክበህ ከሥራ ትወጣለህ።"

ልጁ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ ማሽኑ ስር ተኝቶ ዋለ። አክስቴም ቤት ውስጥ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። የታጠበውን ብርጭቆ ታጥባለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች፣ አልጋዋ ላይ ጋደም ትልና ትነሳለች። አላስችል ቢለኝ "ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ አያጣም" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። "ይሄን ከኔ ነው የተማርሽው?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐሙስ ጠዋት አዲሱ ክፍል ስትገባ ተከተልኳት። ሥራ አስኪያጁም ሙሽራውም ማሽኑ አጠገብ ቆመዋል። "እባጩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ። "እትዬ፣ ልጁን እንደሚወዱት አውቃለሁ። ግን ክሩን ራሴ መርምሬዋለሁ፤ አንድም ቋጠሮ የለበትም። ሰው የቆረጠው ክር አይደለም።"

"እኔ አልቋጥርም።"

"ቁራጩስ የታለ?"

አክስቴ ወደኔ አላየችም። "ተጥሏል" አለች።

"ይስሙኝ እንጂ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እርስዎ ካደረጉት እዚህ ክፍል መሥራት አይችሉም ማለት እኮ ነው። ለእንዲህ ያለ እጅ ሌላ ክፍል የለኝም። ዝርዝሩ ላይ ወጥተዋል፤ ምን ነካዎት?"

"ገብቶኛል። አንድ ኮን ያምጡልኝ።"

ፔዳሉ ጋ ስትቀመጥ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ "ዝም ብለሽ ቋጥሪው" አልኳት። አንድ ቋጠሮ ብታሳያቸው ማንም አያምናትም ነበር፤ ቁጥሯም ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ይቆይ ነበር። ክንዴን ቀስ አድርጋ ገፋችኝ።

ፔዳሉን ረገጠች። ክሩን አታየውም፤ ዓይኗ በመስኮቱ ውጭ ነው። መቀሷ ቀጭ ይላል፣ ጣቷ አንዴ ያሻል፣ ክሩ ይሄዳል። ቀጭ፣ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ ከተጠነጠነው ላይ እየሳቡ በጣቶቻቸው መሃል አሳለፉት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት። ለሙሽራው ሰጡት። ልጁ ዳሰሰውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"በቃ እትዬ፣ አምኛለሁ" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

አክስቴ አላቆመችም። ሰሞኑን ሁሉ ተወጥሮ የከረመው ትከሻዋ ወርዶ፣ መንጋጋዋ ተፈትቶ አየሁ።

"በቃ አልኩዎት እኮ።"

"ትንሽ ናት የቀረችው" አለች።

ኮኑ እስኪያልቅ ሁላችንም ቆመን ጠበቅናት።