የተቀያየሩት ሙሽሪቶች

ድሮ ሁለት ሙሽሪቶች በአንድ ባቡር ተሳፍረው፣ ፊታቸው ስለተሸፈነ ሚዜዎቹ አቀያይረው አወረዷቸው ይባላል። ይህን ወሬ ላጣራ ከአዳማ ተነስቼ ሞጆ ብጠይቅ ወለንጪቲ ላኩኝ፤ ወለንጪቲ ደግሞ መተሐራ። ሚኒባስ ውስጥ በሙቀት ተጠብሼ መተሐራ ስደርስ ታሪክ የሚባል ነገር አስጠልቶኝ ነበር።

በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጥላ ስር አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

‹‹አባባ፣ የተቀያየሩት ሙሽሪቶች ወሬ እውነት ነው?››

‹‹እውነት ነው። የኔዋን አዳማ አውርደው ሌላዋን አመጡልኝ። ሲታወቅ ሽማግሌዎች ‹አንዴ ሆኗል› ብለው ባለበት አጸኑት። ደህና ሴት ናት፤ ሰባት ወልዳልኛለች።››

ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ቆዩ።

‹‹የአዳማ ልጅ ነህ? እናትህ ማን ትባላለች?››

‹‹አስካለ።››

ከዘራቸውን መሬት አስቀመጡ።

‹‹ለጥቂት ልጄ ሳትሆን ቀረህ›› አሉኝ።