የጎሊና ስዕልና የሰይድ በረባሶ

ቤታችን ምሰሶ ላይ አንድ ጥንድ በረባሶ ተሰቅሏል። ጥንድ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የግራው ከጭነት መኪና ጎማ፣ የቀኙ ከትንሽ መኪና ጎማ የተቆረጠ ነው። የግራው ሰፋፊ ጥርስ አለው፤ የቀኙ እንደ ዓሣ አጥንት ቀጫጭን መስመር። ቤት ስጠርግ ድንገት ትከሻዬን ሲነካኝ ያ የደለል ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። የቆቦ ቆላ ልጆች ከሆናችሁ ሽታውን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ፤ እርጥብ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠልና የደጋ ብርድ አንድ ላይ የተቦካበት።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከሮቢት ወረድ ብሎ ጎሊና ወንዝ ዳር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነን። ጎሊና እኛ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው ውሃ በወዲያ በኩል ያልፋል። በእኛ በኩል ያለው ቦይ የሚሞላው ክረምት ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው። መሃል ላይ ቁርቁራና ግራር የበቀለበት ጉብታ አለ። ሁለተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው ሲሉን፣ እኔ እጄን አውጥቼ "የኛ ቤት ፊት ለፊትም አለ!" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ጉብታው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሴት ተብሎ ቀረ፤ እናቴ ሳትቀር "ፍየሎቹ ደሴት ገቡልሽ" ትለኝ ጀመር።

ደራሽ የሚመጣው ደጋው ዘንቦ፣ እኛ ጋ ፀሐይ እያለ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይሰማል፤ ብዙ ሰው በሩቅ የሚያጉረመርም ይመስላል። ከዚያ ውሃው ግንድና ድንጋይ እያላጋ ይደርሳል። ሲጎድል ደግሞ በመንደራችንና በደሴቱ መካከል ባለው ቦይ ላይ ስዕል ትቶ ይሄዳል። ስዕል ነው የምላችሁ! ከአንዱ ገደል ቀይ አፈር፣ ከሌላው ነጭ አሸዋ፣ ከተቃጠለ ቁጥቋጦ ጥቁር አመድ ይዞ ይመጣና ሁሉንም በጥፍሩ እያበጠረ ያነጥፈዋል። አንዳንዱ እንደ ሙሽራ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው፤ አንዳንዱ ዳር ዳሩ በአረፋና በገለባ የተጠለፈ። ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቅና ሌላ ስዕል ይሆናል። እኛ ትምህርት ቤት ቀለም እርሳስ አይተን አናውቅም፤ ጎሊና ግን ያን ሁሉ ቀለም በነፃ ይደፋልን ነበር።

ሕግም ነበረን። ስዕሉ በደንብ ሳይታይና ስም ሳይወጣለት ማንም አይረግጠውም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የምጠብቀውም እኔ። እናቴ "ጭቃ ስታይ የምትውል ልጅ ሰጠኸኝ፣ ያ ረቢ!" እያለች ትማረርብኛለች። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ብቻ፣ ጺም ያወጣው ሰውዬ፣ ፍየል ሊመልስ ወደ ደሴቱ ሲሻገር ዳር ላይ ይቆምና "ዘሃራ፣ አይተሽ ጨርሰሻል? ልርገጠው?" ብሎ ፈቃድ ይጠይቀኛል። እኔም ኮራ ብዬ "እሺ፣ አሁን ትችላለህ" እለዋለሁ።

አንድ ክረምት ግን የመንደሩ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ከጎብዬ ገበያ ላይ ጎረምሶች ታፈሱ፤ ከዋጃም ታፈሱ። እኛ ልጆች የጭነት መኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር ጨዋታችንን አቁመን የትልልቆቹን ፊት እናያለን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረምሶች ማሽላ ውስጥ ይደበቃሉ። ያኔ ግን ማሽላው ገና ጉልበት ድረስ ነበር፤ እንኳን ሰው ዶሮ አይሸሽግም።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ከሁሉ ቀድሜ ወረድኩ። ደራሹ ማታ መጥቶ ማታውኑ ጎድሏል። የተወልኝ ስዕል ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እስከዛሬ እንደሱ አላየሁም። የተኛ ግመል ነበር፤ ቀይ ሻኛ፣ ነጭ ሆድ፣ አንገቱን እስከ ደሴቱ ድረስ ዘርግቷል። አንገቱ ላይ ዱካ አለ። ንድድ አልኩ። የማን ባለጌ ነው ብዬ ጎንበስ ስል ግራው ሰፋፊ ጥርስ፣ ቀኙ የዓሣ አጥንት። ዱካው ወደ ደሴቱ ሄዷል፤ የተመለሰ የለም።

እናቴ ሲነጋጋ በሶ በጨርቅ ስትቋጥር ማየቴ ትዝ አለኝ። ሰይድ ደሴቱ ላይ ተደብቋል ማለት ነው። ያን በረባሶ በአገሩ የማያውቅ የለም። ሲያስቆርጠው አብሮት ገበያ የነበረው ጎረቤታችን አያ አራጋው "አንዱ እግርህ ደሴ፣ አንዱ አሰብ ሊሄድ ነው" ብሎ ቀልዶበት መንደሩ ሁሉ ስቋል። ይኸው አያ አራጋው አሁን የቀበሌ ታጣቂ ነው። ቀና ስል ደግሞ ሊቀመንበሩ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ቤት ለቤት እየፈተሸ ወደ ወንዙ ይመጣል። አንዱ አያ አራጋው ነው።

ልጆቹ እንደ ወትሮው ዳር ላይ ተደርድረው ስም እስካወጣ ይጠብቁኛል። "ኑ!" አልኳቸው። "ዛሬ ተፈቅዷል። ርገጡት!"

ጓደኛዬ ሐዋ አፏን ከፍታ ቀረች። "ውነትሽን ነው? ትናንት በአንድ ጣቴ ስነካው ጆሮዬን ስትቆነጥጪ አልነበር!"

"ዛሬ ያልረገጠ ነው የሚቆነጠጠው!"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! እየጮሁ፣ እየተንሸራተቱ፣ እየተጠላለፉ ገቡበት። እኔ የግመሉን አንገት በሁለት እግሬ እየደበደብኩ ሄድኩ። ሐዋ "ዘሃራ ታለቅሳለች!" ስትል "ጭቃ ዓይኔ ገብቶ ነው" አልኳት።

ሊቀመንበሩ ዳር ላይ ቆመ። "ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?"

"ስዕል እየረገጥን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለች ሐዋ።

"የምን ስዕል?"

"ጎርፍ የሳለው።"

"ሥራ ፈቶች!" ብሎ ተፋና ወደ እኔ ዞረ። "ወንድምሽ የት ነው?"

"አላየሁትም።" ውሸት አልነበረም፤ ያየሁት ዱካውን ነው።

ዓይኑን ወደ ደሴቱ ወረወረ። "እዚያ ማዶ ተፈትሿል?"

አያ አራጋው በጭቃው ላይ መራመድ ጀመረ። የሚሄድበትን አየሁ። ደሴቱ ሥር አንድ የቀኝ እግር ዱካ ሳንረግጠው ቀርቷል፤ የዓሣ አጥንቱ ከሩቅ ይታያል። አያ አራጋው ደረሰ፣ አጎንብሶ አየው፣ ከዚያ እግሩን አነሳና በላዩ ላይ ቆመበት። ጠብመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ተደገፈ። "ልጅና ፍየል የረገጠው ነው" አለ። "ክረምት እዚህ የሚገባ ሰው የለም፤ ደራሽ ይወስደዋል።"

"ከሰዓት ሰው ጨምረን እናስሰዋለን" አለ ሊቀመንበሩ። ሲመለሱ አያ አራጋው በአጠገቤ አለፈ። ሳያየኝ "ያ ጫማ አፍ አለው" አለኝ። "ያውልቀው በይው።"

ከሰዓት የመጡት ግን እነሱ አልነበሩም። ደጋው እኩለ ቀን ሳይሞላ ጠቆረ፤ ያ ማጉረምረም ተሰማ፤ "ደራሽ! ደራሽ!" ተባለ። በሁለቱም በኩል የሞላ ውሃ ደሴቱን ከጎኑ እየቆረሰ ሲወስድ ዳር ቆመን አየን። እናቴ የሰይድን ስም ጮኻ መጥራት አትችልም፤ ጆሮ ያለው ብዙ ነው። ምን አደረገች መሰላችሁ? በፍየላችን ስም ጠራችው። "ቦራ! ቦራዬ! ወደ ላይ! ዛፉ ላይ ውጣ!" ቦራ እኛ በረት ውስጥ ታስሮ ያመሰኳል። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ "ቦራ! ግራሩን ያዝ!" እያሉ አብረዋት ጮኹ። ከማዶ የመለሰ የለም። ውሃው ድምፁን ሁሉ ይበላው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቀድማኝ ወርዳለች። ውሃው ጎድሏል። ከደሴቱ የቀረው ግማሹ ነው። ቦዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሐር ጨርቅ የመሰለ ደለል ተነጥፏል፤ አንድም ዱካ የለበትም። በሕይወቴ ስዕል የፈራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ያኔ ከግራሩ ላይ ድምፅ መጣ፤ የጎረነነ፣ የሚንቀጠቀጥ። "ዘሃራ! አይተሽ ጨርሰሻል? ልርገጠው?"

ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ "ቆይ!" አልኩ።

እናቴ "ምን ቆይ ትላለች ይቺ ጅል!" ብላ ብድግ አለች። "ርገጠው፣ ልጄ! ርገጠው!"

በዚያው ጠዋት ከገበያ የሚመለሱ የአፋር ነጋዴዎች ይዘውት ወደ ዞብል ወጡ። እሱ ባዶ እግሩን ከፊት፣ ግመሎቹ ከኋላ፤ የእሱን ዱካ የግመል እግር እየዳበሰ ያጠፋዋል። በረባሶውን ለእኔ ሰጥቶኝ "አብሽሪ፣ ዘበኛዋ" አለኝና ሄደ። አንድ ጊዜ የጨው ነጋዴዎች አሰብ መንገድ ላይ አየነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

አሁን ጓድ የሚባለው ሁሉ ሄዷል። ከተደበቁበት የተመለሱ አሉ፤ በሮቢት ሁለት ሦስት ቤት እልል ተብሏል። እኔም አድጌ፣ ጎሊና የሚስለውን በጽሑፍ ማስቀረት ችያለሁ፤ ይሄን ማንም አይረግጥብኝም እያልኩ ደስ ይለኛል። ስዕሉን የምጠብቀው ግን እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ናት። ደራሽ በጎደለ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ትወርዳለች። ዘንድሮ አንድ ቀን የሰፈሩ ሕፃናት ቀድመዋት ረግጠውት አገኘች። አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ዱካውን አንድ በአንድ እያየች "ይሄ የማን ነው?" ትላለች።

"የኔ ነው፣ እማማ።"

"እስቲ እግርህን አሳየኝ። ይሄስ? ይሄ ትልቁ?"

ልጆቹ እየሳቁ እግራቸውን ያነሱላታል። እሷ አትስቅም። ሰይድ በምን ጫማ እንደሚመጣ አታውቅማ፤ በረባሶው እኛ ጋ ነው።